ከዳለስ እስከ ቦሌ፦ አንድ ሲባጎ፣ ሁለት ዓይነት ሰዓት

ጥር 14 ቀን 2017፣ ባሕር ዳር

ጥምቀት አለፈ፣ እንግዶቹም ተሸኙ። ትናንት ማታ ከጋሼ ጋር በስልክ ስናወራ የተነሣው ነገር ግን አላስተኛኝም። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል። እማዬ መርቃ ስትጨርስ የለመደችውን ጥያቄ አነሣች። «ስትመጣ አሥራ ሦስት ሰዓት፣ ስትሄድ አሥራ ስድስት ሰዓት። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?»

ጋሼ ባለፈው ጊዜ ሲመለስ ደብሊን ላይ ወርደው ነዳጅ እንደቀዱ ነገራት። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ወዲያው ማስመሪያዋን አመጣች። ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን መስመር አሰመረች። መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊ፣ በሞሪታኒያ አድርጎ ውቅያኖሱን ተሻገረ። አየርላንድ ደግሞ ወደ ላይ ርቃ ቁጭ ብላለች። «ታዲያ እዚያ ድረስ ምን ሊያደርጉ ወጡ?» አለችኝ።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። «መሬት ክብ ስለሆነች ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን እማዬን እንዲህ ብሎ ማሳመን አይቻልም። በእጇ ነክታ ማየት አለባት። ስለዚህ ሉል ልሠራ ነው።

ገበያ ላይ ያለው ሉል ትንሽ ነው፤ ክር ዘርግቶ ለመለካት አይመችም። የእኔ ዙሪያው 2 ሜትር ይሆናል። የመሬት ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 1 ሳንቲ ሜትር 200 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሚሊ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሒሳቡ በቃል ይያዛል።

ጥር 18፣ እሑድ

ቀርከሃ ገዛሁ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ነው። ቅርጫት የሚሠሩት ሰዎች ስስ አድርገው ሰነጠቁልኝ። የመጀመሪያው ስንጥር ገና ሳጎብጠው ተሰበረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ለካ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ማደር አለበት። የሸጡልኝ ሰውዬ ነግረውኝ ነበር፤ ቸኩዬ ነው። ነገ ይቀጥላል።

ጥር 25

አጽሙ ቆመ። ከዋልታ ዋልታ የሚዞሩ ስድስት ቀለበቶች፣ አንድ ደግሞ በወገቡ ዙሪያ፤ ሁሉም በቀጭን ሽቦ ታስረዋል። ዛሬ ወረቀት አለበስነው። ያረጁ የፈተና ወረቀቶች ቤት ሞልተዋል። ሙጫውን በጥሬ ዱቄት ልሠራ ስል እማዬ ከለከለችኝ። «እንደ አጥሚት አማስዪው፤ ጥሬ ዱቄት አይዝም።» እውነቷን ነው። ሦስት ድርብ ለጥፈን በረንዳ ላይ አሰጣነው። የጥር ፀሐይ በሁለት ቀን አደረቀው።

ሲደርቅ ግን ዋልታዎቹ ጠለቅ አሉ። በወገቡ ስለካው 2 ሜትር ልክ ነው። በዋልታዎቹ በኩል ሲለካ 1.97 ብቻ። መሬትም ራሷ በዋልታዎቿ በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት። በዋልታና በወገብ በኩል የሚለካው ውፍረቷ በ43 ኪሎ ሜትር ይለያያል። ይህ በእኔ ሉል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዓይን አይታይም። የእኔው ጠፍጣፋነት በጣም በዝቷል። ሁለቱን ጫፎች ደጋግሜ ወረቀት ደራረብኩባቸውና 1.99 አደረስኩት። ይበቃል።

የካቲት 2

ዛሬ ኬክሮስና ኬንትሮስ አሰመርን። በልብስ ሰፊ ሜትር ነው የሠራነው። አንድ ዲግሪ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጄ በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች፣ እኔ አረጋግጣለሁ።

ከዚያ ሦስት ስፒሎች ተከልን። ቦሌ፦ ሰሜን 8.98፣ ምሥራቅ 38.80። ዳለስ፦ ሰሜን 38.94፣ ምዕራብ 77.46። ዳለስ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ይገኛል። ቴክሳስ ካለችው ዳላስ ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛው የእኛው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፦ ሰሜን 11.61፣ ምሥራቅ 37.32።

ከባሕር ዳር ቦሌ በሉሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሰባት ሚሊ ሜትር ሆነ። ልጄ አላመነችም። በአየር 334 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 በላይ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። አውሮፕላን በረሃ አያውቅም።

አሁን ዋናው ክር። መጀመሪያ ያለኝን የሱፍ ክር ከቦሌ ስፒል አስሬ ዳለስ ድረስ ሳብኩት። ሜትር ላይ ሳነበው 55 ሳንቲ ሜትር። ደግሜ ሳብኩት፣ 56.5። ሱፍ ይለጠጣል። ባነሣሁት ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። ጥዬው ሲባጎ አመጣሁ። ሦስት ጊዜ ለካን፣ ሦስቱንም ጊዜ 58 ከትንሽ። 58.1 ብዬ ጻፍኩ። 11,620 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

የክሩ መንገድ ግን ከቁጥሩም ይበልጥ ደስ ይላል። ሲባጎውን ወጠር ስናደርገው አጭሩን መንገድ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ማንም አይመራውም። ከቦሌ ሲነሣ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀና። በጎጃም ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ አለፈ። ጣናን በቀኙ ተወው። የእኛ ስፒልና ክሩ የተራራቁት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ የቱኒዚያ ደቡብ ጫፍ፣ አልጄሪያ። ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ገባ። ውቅያኖሱ መካከል ከ44 ዲግሪ ሰሜን በላይ ከፍ አለና ቁልቁል ወርዶ በኒው ዮርክ ደቡብ አድርጎ ዳለስ ደረሰ።

ማሊ የለችም። ሞሪታኒያም የለችም። ልጄ ካርታውንና ሉሉን እያፈራረቀች ስታይ ቆየች። ያንን የካርታ መስመር ነጥብ በነጥብ ወደ ሉሉ አዛውረን በክር ስንለካው 60.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በካርታ ላይ ቀጥ ያለው ነው የተጠማዘዘው፤ በሉሉ ላይ ቀጥ ያለው በካርታ ላይ ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል።

እማዬ ጣቷን በክሩ ላይ አስኬደች። ጎጃም ላይ ስትደርስ ቆመች። «እንዲህ በአጠገባችን ነው እንዴ የሚሄድብኝ?» አለች። ምንም አልመለስኩላትም።

የካቲት 9

ክሩን በስሌት ማረጋገጥ ፈለግኩ። መንገዱ ከባድ አይደለም። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ታባዣለሽ። በዚያ ላይ የሁለቱን ኮሳይን ብዜት በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን አባዝተሽ ትደምሪያለሽ። የመጣው ቁጥር የአንድ ማዕዘን ኮሳይን ነው። አንድ ዲግሪ በመሬት ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማዕዘኑን በ111.2 ስታባዢው ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ለልጄ ሰጠኋት። 5,086 ኪሎ ሜትር አመጣች።

ደግማ ሠራችው፣ ያው 5,086። እኔም በስልኬ ሠራሁት፣ ያው። እዚህ ላይ ነው ሲባጎው የጠቀመን። ክሩ 11,600 ካለ ሒሳቡ ከግማሹ በታች ሊሆን አይችልም። ስሕተቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ቦሌ ምሥራቅ ነው፣ ዳለስ ምዕራብ። እኛ 77.46ን ከ38.80 ጋር አቀናነስን። መደመር ነበረበት። ልዩነቱ 116.26 ዲግሪ ነው። ለነገሩ ተማሪዎቼም ኔጌቲቭ ምልክት ሲረሱ እንዲህ ነው የሚሆኑት፤ መልሱ ንጹሕ ቁጥር ሆኖ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥርም።

ተስተካክሎ 11,560 ኪሎ ሜትር መጣ። በሲባጎ 57.8 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ እኛ ያገኘነው 58.1። ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ለቀርከሃና ለአሮጌ የፈተና ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። ኮራሁ።

ማታ፦ ደብሊን ላይ ስፒል ተከልኩ። ከቦሌ ደብሊን 6,366፣ ከደብሊን ዳለስ 5,464። ሲደመር 11,830። ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ደብሊን መውረዱ የጨመረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! በሉሉ ላይ 1.3 ሳንቲ ሜትር። በካርታው ላይ ሩቅ የመሰለን ዙሪያ ጥምጥም ጭራሽ ዙሪያ ጥምጥም አይደለም፤ ከመንገዱ ዳር ነው ያለው።

ለማነጻጸር ሎሜን ሞከርኩ። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በቶጎዋ ሎሜ በኩልም ያልፋሉ። በካርታው ላይ ሎሜ ለመስመሩ ከደብሊን ይልቅ ትቀርባለች። በስሌት ግን ድምሩ 12,750 ሆነ። ከቀጥታው 1,190 ይበልጣል። ልጄን ከእንቅልፏ ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም።

የካቲት 16፣ ቅበላ

ርቀቱ ተፈታ። የእማዬ ጥያቄ ግን የሰዓት ነው። 270 ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሦስቱ ሰዓት ከየት መጣ?

ዛሬ ዘመድ ጥየቃ ዘጌ ሄደን ነበር። ሰዓት ያዝኩ። ጠዋት ስንሄድ ጀልባው 58 ደቂቃ ፈጀ። ከቀትር በኋላ ስንመለስ 47። ጀልባው ያው፣ ሞተሩም ያው። ነጂው «ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ከተማው ነው የሚገፋ» አለን።

አውሮፕላን ላይ ግን ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ነፋስ ጀልባን ከላይ ነው የሚገፋው። አውሮፕላን ደግሞ አየሩ ውስጥ ነው ያለው፤ አየሩ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ከጣና ወጥቶ በሚወርደው ዓባይ ላይ ታንኳ እንደሚቀዝፍ ሰው ማለት ነው። ቁልቁል ሲቀዝፍ ወንዙ ያግዘዋል፣ ሽቅብ ሲቀዝፍ ወንዙ ይበላበታል።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከሰሐራ ሰሜን ጀምሮ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በፈረንጆች ክረምት ይበረታል፤ አንዳንድ ቦታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጋሼ ሲመጣ ከኋላው ነው፤ ሲሄድ ፊቱ ላይ።

አውሮፕላኑ በረጋ አየር በሰዓት 900 ቢሄድ 11,560ውን በ12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይጨርሳል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚገፋ ነፋስ ብናስብ ሲመጣ 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ ሲሄድ 13 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይሆናል። ከጠፋው ሦስት ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ አራት ደቂቃውን አገኘሁት።

የካቲት 22

የቀረውን ደግሞ ቦሌ ራሱ ነው የያዘው።

ቦሌ 2,326 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዳለስ 95 ሜትር። እዚህ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን እንኳ ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ቦሌ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚደገፍበት ያንሳል፣ ሞተርም የሚስበው ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መሮጥ አለበት። የቦሌ ሜዳ ረጅም ነው፤ አንዱ 3,800 ሜትር ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ ሰውም፣ ሻንጣም፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ሙሉ ጭኖ መነሣት አይችልም። አንዱ መቀነስ አለበት። ሰው ከሚቀነስ ነዳጅ ይቀነሳል፤ ነዳጁ መንገድ ላይ ይሞላል።

ከዳለስ ሲነሣ ግን አየሩ ወፍራም ነው። ሙሉ ጭኖ ይነሣል፣ ነፋሱም ያግዘዋል፤ በቀጥታ ቦሌ።

ይህንን ለእማዬ ስነግራት ብዙም አላስቸገራትም። «ዳገት ላይ በቅሎ ሙሉ አይጫንም፤ ሜዳ ስትወርድ ይጨመርላታል» አለች። እኔ አንድ ገጽ የሞላሁበትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ለመሄጃው የጻፍኩት ሒሳብ፦ ከ900 የነፋሱ 60 ሲቀነስ 840፤ 11,830 በ840 ሲካፈል 14 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ደብሊን መውረድ፣ መቅዳት፣ እንደገና መነሣት ወደ ሁለት ሰዓት። ድምር 16 ሰዓት። ጋሼ ከሚለው ጋር ገጠመ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ጋሼ ሁልጊዜ እሑድ በእነሱ እኩለ ቀን ይደውላል። በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ዛሬ 1 ሰዓት ላይ ደወለ። እማዬ ከቤት ስላልነበረች አመለጣት፤ ተቆጣች።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አሜሪካኖቹ ዛሬ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተዋል። በየዓመቱ በመጋቢት መግቢያ አካባቢ ይገፉታል፣ በጥቅምት መጨረሻ ግድም ይመልሱታል። የእኛ አይነቃነቅም። ስለዚህ ልዩነታችን ከ8 ሰዓት ወደ 7 ወረደ።

ከሉሉ ጎን የምሰቅለውን የሰዓት ሰንጠረዥ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ስሠራው አንድ የሚያምር ነገር አገኘሁ። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓት ካለሽ ሰንጠረዥ እንኳ አያስፈልግሽም። ከአሁን እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀንሺ፤ ከዚያ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን አድርጊ። እኛ ጋ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ እነሱ ጋ ቀን 2 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እኛ ጋ ጠዋት 3 ከሆነ እነሱ ጋ ሌሊት 2። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ደግሞ ሁለት መቀነስ ነው። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ ነው እንዲህ የሚገጥመው።

እማዬ ወዲያው ያዘችው። ትኬት ላይ የተጻፈ ሰዓት የተምታታበትና በረራ ያመለጠው ሰው በየሰፈሩ አለ። ይህቺን ለጎረቤቶችም ጽፌ ሰጠሁ።

መጋቢት 8

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሲባጎው በሱዳን ላይ ነው የሚያልፈው። በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። አጭሩ መንገድ አለ፤ የሚሄድበት ግን የለም።

ክሩን ፈትቼ ሱዳንን በምሥራቅ አዞርኩት። በቀይ ባሕር ሽቅብ፣ በካይሮ በኩል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ። 59.6 ሳንቲ ሜትር፣ 11,920 ኪሎ ሜትር። 360 ኪሎ ሜትር ጨመረ። ካይሮ ላይ ስፒሉን ስተክል የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ ትዝ አለኝ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ አድርጎ የሄደው ካይሮ ነበር። ልጄ ስፒሉን ቀይ ቀባችው።

ከሲባጎው ሥር ስላሉት ከተሞችም አወራን። ካርታ ላይ ሱዳን ባዶ ቢጫ ነው። ሰው ያለበት አይመስልም።

መጋቢት 26፣ ዓርብ ማታ

ጋሼ ዛሬ ተነሣ። በእነሱ ረፋድ 5:25፤ በፈረንጁ 11:25 ነው። እማዬ የግድግዳውን ሰዓት አየች፦ ምሽት 12:25። «አንድ ሲቀነስ አሥራ አንድ ከሃያ አምስት። ልክ ነው» አለች። ከዚያ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» ብላ መብራት አጠፋች። አልተኛችም።

ሌሊቱን በስልክ የበረራ መከታተያ ስናይ አደርን። በየሁለት ሰዓቱ ልጄ ስፒል እየወሰደች ያለበት ቦታ ትተክላለች። አትላንቲክ ላይ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ አንዳንዴ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ነፋሱ እየገፋው ነው። ሜዲትራኒያንን ካለፈ በኋላ ወደ 900 ተመለሰ። እንዳሰብነው በግብፅ በኩል ገብቶ በቀይ ባሕር ቁልቁል ወረደ። ስፒሎቹ ሲባጎው ላይ በትክክል አልተሰለፉም፤ አንዳንዱ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ግን ጎን ለጎን ሄዱ።

መጋቢት 27

ጠዋት 12:50 ቦሌ አረፈ። አየር ላይ የቆየው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። 11,920ን ለዚያ ስናካፍለው በሰዓት 960 ይመጣል። ነፋሱ 60 ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ 60 ሆነ። እንዲህ ይገጥማል ብዬ አልጠበቅኩም። አንድ በረራ ብቻ መሆኑንም አልረሳሁም።

ከዚያ ያቺ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሰባት ሚሊ ሜትር ቀረች። ያለ ፍተሻውና ያለ መጠበቂያው፣ ከበር ዘግቶ በር እስኪከፍት አንድ ሰዓት ፈጀች። 334 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት። ለትልቁ በረራ 960፣ ለትንሹ 334። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ከጄቱ ይዘገያል፤ ደግሞ አጭር በረራ ላይ መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ መንገዱን ይበላዋል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድበት ጊዜ ትንሽ ነው።

እማዬ ድምፁን ከግቢ ሆና ሰማችው። እኛ አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ጋሼ ሻንጣውን እየጠበቀ ነበር።

ቤት ሲገባ ቡና ከመቅረቡ በፊት እጁን ይዛ ወደ ሉሉ ወሰደችው። ጣቷን ዳለስ ላይ አድርጋ እስከ ቦሌ አስኬደችለት። ሱዳንን እንዴት እንደዞረ፣ ነፋሱ የት እንዳገዘው ነገረችው። ስለ በቅሎዋም ነገረችው። እኔና ልጄ አንድ ቃል አልጨመርንም።

ሰንጠረዡ ላይ የመምጫውን ረድፍ ሞላሁ። የመሄጃው ረድፍ ባዶ ነው። ትኬቱ ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ልጄ ግምቷን በእርሳስ ጽፋለች፦ 16 ሰዓት። እማዬ እርሳሱን ተቀብላ አየችውና ሳትጽፍ መለሰችላት።